ጥንቸሏን ቆፍረው እንዲያዩ የፈቀደች ሴት

ካምብሪጅ፣ ጁላይ 1925። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥንቸል ሞታ አደረች። ያገኛት ልጅ ሆዷ ከፍ ዝቅ እንደማይል አየና ሞታለች አለ። ሌላኛው ግን አባቱ የነገረው ነገር ነበር፤ ውሃ ውስጥ ብናስገባት ነፍስ ትዘራለች አለ። መምህርቷ ይህ ሞኝነት ነው ብላ አላሳፈረችውም። እናስገባትና እንይ አለች።

ጥንቸሏ ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ዞር ዞር ማለቷን ያዩ ልጆች ይኸው እየተንቀሳቀሰች ነው፣ አልሞተችም አሉ። መምህርቷ ትንሽ እንጨት አምጥታ ውሃው ላይ ጣለች። እንጨቱም ዞረ። እንጨት ነፍስ እንደሌለው ሁሉም ተስማሙ። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው እንቅበራት ብለው ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ቀበሯት።

በማግስቱ ሁለት ልጆች ሊያወጧት ፈለጉ። መቆፈር ጀመሩ፤ ግን የለችም፣ ወደ ሰማይ ሄዳለች እያሉ ተዉት። መምህርቷ መኖር አለመኖሯን እንይ ብላ አብራቸው ቆፈረች። ጥንቸሏ እዚያው ነበረች። ልጆቹ በጣም ገረማቸው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ቁጭ አልኩ። እኔ ባደግኩበት ቤት ለልጅ የሞት ነገር አይነገርም። አያቴ ሲሞቱ ጠበል ሄደዋል ተባልኩ። ድንኳን ተተክሏል፣ ዘመድ አዝማድ ያለቅሳል፣ እኔ ጎረቤት ቤት ተልኬ እንድጫወት ተነገረኝ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሊጠብቁኝ ነው የፈለጉት። እኔ ግን ከጠበል የሚመለሱበትን ቀን ስጠብቅ ኖርኩ። መጠየቅም ተውኩ፣ ምክንያቱም በጠየቅሁ ቁጥር የትልልቆቹ ፊት ይለዋወጥ ነበር።

የካምብሪጇ መምህርት ሱዛን አይዛክስ ትባላለች። ከመጀመሪያዎቹ የብሪታንያ ሴት ሳይኮአናሊስቶች አንዷ ናት። ሳይኮአናሊሲስ ሲግመንድ ፍሮይድ ቪየና ላይ የጀመረው ሕክምናና አስተሳሰብ ነው፤ ሰው ከራሱ ደብቆ የያዘው ምኞት፣ ፍርሃትና ጥላቻ ሕይወቱን እንደሚመራው ያምናል። ሱዛን ይህን አምና ተቀብላለች። እኔን ግን ወደ እሷ የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ድብቁ አእምሮ የምትናገር ሴት፣ ዓይን ስለሚያየው ነገርም እኩል ትጨነቅ ነበር። መጀመሪያ እንይ ትላለች። ያየችውን ትጽፋለች፣ ከነቀኑ፣ ከነልጁ ዕድሜ። ከዚያ በኋላ ነው ትርጓሜው።

የተወለደችው በ1885 በሰሜን እንግሊዝ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው ቦልተን አጠገብ ነው። አባቷ ዊልያም ፌርኸርስት ጋዜጠኛ ነበር፤ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም ይሰብክ ነበር። እናቷ የሞተችው ሱዛን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቷ ብዙም ሳይቆይ እናቷን ስታስታምም የነበረችውን ነርስ አገባ። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን እንዴት አድርጋ እንደምታደራጀው አስቡት። ሱዛን በኋላ ስለ ሕፃናት ሐዘንና ቁጣ ስትጽፍ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረችውን እየጻፈች አልነበረም።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ከአባቷ ጋር የባሰ ነገር መጣ። ሃይማኖቱን መጠራጠር ጀመረች፣ ሶሻሊስት ነኝ አለች። አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጣት። ሁለት ዓመት አላናገራትም። ዛሬም ቢሆን ልጅ የቤቱን እምነት ስትጠይቅ ቤት ውስጥ የሚወርደውን ዝምታ የምናውቅ ሰዎች አለን። ሁለት ዓመት ግን ረጅም ነው።

እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቤት ዋለች። ፎቶ አንሺ ዘንድ ሙያ ለመማር ሞከረች፤ ሞሮኮ ውስጥ ለአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ የልጆች አስተማሪ ሆና ሠራች። ከዚያ በ1907 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መምህራን ሥልጠና ገባች። መምህራኖቿ ይህች ልጅ ለዲግሪ ትማር አሉ። በ1912 በፍልስፍና በአንደኛ ማዕረግ ተመረቀች። ቀጥሎ ካምብሪጅ፣ ኒውነም ኮሌጅ፣ የሥነ ልቦና ላቦራቶሪ። ከትምህርት ቤት የተባረረችው ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎጂክ አስተማረች።

ለንደን ስትደርስ ሳይኮአናሊሲስ ገና አዲስ ነገር ነበር። ኧርነስት ጆንስ የብሪታንያን የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ያቋቋመው በ1919 ነው። ሱዛን በሳይኮአናሊስቱ ጆን ካርል ፍሉገል ዘንድ ራሷ የሳይኮአናሊሲስ ሕክምና ወስዳ፣ በ1921 ተባባሪ አባል፣ በ1923 ሙሉ አባል ሆነች። ቪየና ሄዳ ኦቶ ራንክ ዘንድም ለአጭር ጊዜ ቆይታለች፤ ኋላ ላይ ደግሞ ጆአን ሪቪዬር ዘንድ ገባች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የለንደኑ ማኅበር ሐኪም ያልሆኑ ሰዎችንም ይቀበል ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሩ በአብዛኛው ለሐኪሞች ብቻ ነበር የተከፈተው። ለንደን ላይ ግን መምህራን ገቡ፤ ኤላ ሻርፕ አስተማሪ ነበረች፣ ባርባራ ሎው አስተማሪ ነበረች፣ ሱዛን አስተማሪ ነበረች። የብሪታንያ ሳይኮአናሊሲስ ወደ ልጆች ያዘነበለው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር የዋሉ ሴቶች ሞሉበት።

በትዳርም በኩል ሕይወቷ ቀላል አልነበረም። በ1914 ዊልያም ብራይርሊ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ አግብታ ነበር። በ1922 ተፋቱ፣ እሷም ናታን አይዛክስን አገባች። ናታን የብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ በራሱ ጥረት ፍልስፍና ያነበበ ሰው ነው። ብራይርሊ ቀጥሎ ያገባት ማርጆሪም ሳይኮአናሊስት ሆነች። ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት በአንድ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተገናኝተዋል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚጣፍጠው እዚያ ነው።

ጄፍሪ ፓይክ የሚባል ሰው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ውስጥ ታስሮ ያመለጠ፣ በብረታ ብረት ገበያ ላይ ገንዘብ ያገኘ፣ ጭንቅላቱ የማያርፍ ሰው። ወንድ ልጅ ወለደ። ልጄ እኔ በተማርኩበት ዓይነት ትምህርት ቤት አይሰቃይም አለና የራሱን ለመክፈት ወሰነ። በ1924 ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆችን ማስተማርን እንደ ሳይንሳዊ ምርምር የምትይዝ የተማረች ሴት እፈልጋለሁ አለ። ሱዛን ተቀጠረች። ሞልቲንግ ሃውስ የተባለው ይህ የካምብሪጅ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በአሥር ወንዶች ልጆች ተከፈተ። ትልቁ አምስት ዓመት አልሞላውም። በኋላ ሴቶች ልጆችም ገቡ፤ ቁጥራቸው ግን ከሃያ አላለፈም።

ግቢው ውስጥ አሸዋ፣ መወጣጫ፣ የልጆቹ የየግል መደብ፣ ጥንቸልና አይጥ ነበሩ። ውስጥ ደግሞ እውነተኛ መጋዝ፣ መዶሻ፣ የላቦራቶሪ የጋዝ ምድጃ። የአራት ዓመት ልጅ ከእሳት ጋር! ዛሬ የትኛው ትምህርት ቤት ይፈቅዳል? ሱዛን ግን የልጆቹን እጅ ከማሰር አጠገባቸው መቆምን መረጠች። የሞተ እንስሳ ሲገኝ ልጆቹ ውስጡን ማየት ከፈለጉ ከፍተው ያያሉ። የተቀጣ የለም። ልጅ ሲጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እስቲ እንይ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚጽፉ ብዙ ሰዎች የሚያልፉት ነገር አለ። ነፃነቱ ደስታን ብቻ አላመጣም። ልጆቹ ይማቱ፣ ይተፋፉ፣ ተባብረው አንዱን ያገልሉ ነበር። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ አስቸጋሪ የተባሉ ልጆች ናቸው። ሱዛን ይህን ሁሉ ጻፈችው። በ1933 ባወጣችው ሁለተኛ ትልቅ መጽሐፏ ልጆቹ ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ሽንትና ስለ ዓይነ ምድር የተናገሩትን ሳይቀር አስቀምጣለች። ብዙ አንባቢ ደነገጠ። እሷ ግን ልጅን ለማወቅ ከፈለግን የምንወደውን ክፍል ብቻ መርጠን መጻፍ አንችልም የሚል አቋም ነበራት።

ከዚያ ሁሉ ምን ተማረች? ገደብ የሌለው ነፃነት ልጁን ራሱን ያስፈራዋል። የአራት ዓመት ልጅ ወንድሙን ሲጠላ ጥላቻው በእውነት የሚገድል ይመስለዋል። ማንም ካላስቆመው ፍርሃቱ ይብሳል። ስለዚህ ልጁ የማይናወጥ ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ቁጣውን ዓይቶ የማይደነግጥ፣ የማይበቀልም፣ ግን በቃ የሚል። ለእኔ ከጻፈችው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። እኛ ዘንድ ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት ጫፍ ነው፤ አንዱ በአርጩሜ ካልሆነ ልጅ አይቀናም ይላል፣ ሌላው ልጁን ተዉት እንዳሻው ይሁን ይላል። ሱዛን ሁለቱንም ሞክራ ሳይሆን፣ ሁለተኛውን በዓይኗ አይታ፣ ወደ መሐል መጣች።

ሌላም ነገር በጥብቅ ለይታለች። መምህር ሳይኮአናሊስት አይደለም። ክፍል ውስጥ ሆኖ የልጁን ድብቅ ምኞት ልፈልቅቅ የሚል መምህር ይጎዳዋል ትላለች። የሕክምና ክፍልና የመማሪያ ክፍል ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። እሷ ሁለቱንም ሥራ ስለሠራች ነው እንዲህ በእርግጠኝነት የተናገረችው።

በ1927 ዣን ፒያዤ ሊጎበኛት መጣ። ያኔ ስለ ልጆች አስተሳሰብ በጻፋቸው መጻሕፍት ስሙ እየገነነ ነበር። ፒያዤ ትንንሽ ልጆች አንድ መሣሪያ ለምን እንደሚሠራ ምክንያቱን ማስረዳት የሚችሉት ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲደርሱ ነው ይላል። ሁለቱ እየተነጋገሩ ሳለ ግቢው ውስጥ ዳን የሚባል ልጅ (መጽሐፏ ውስጥ የሰጠችው ስም ነው) ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ወደ ኋላ ይመታል። ዕድሜው አምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር። ሱዛን ወደ ፊት አትሄድም እኮ አለችው። ወደ ኋላ እየመታሁ እንዴት ልሄድ አላት። ታዲያ ሲሄድ እንዴት ነው የሚሄደው? ልጁ እግር ፔዳሉን እንደሚገፋ፣ ፔዳሉ ጥርሱን እንደሚያዞር፣ ጥርሱ ሰንሰለቱን፣ ሰንሰለቱ ጎማውን እንደሚያዞር አንድ በአንድ በጣቱ እያሳየ አስረዳ።

አንድ ልጅ የፒያዤን ንድፈ ሐሳብ አያፈርስም፤ ሱዛንም እንዲህ አላለችም። ያለችው ልጅ የሚያስበው በሚያውቀውና በሚወደው ነገር ላይ ነው። ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ጠይቀኸው ተረት ቢነግርህ፣ ስለ ብስክሌቱ ስትጠይቀው መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። የልጅ አእምሮ በዕድሜ እንደ ደረጃ ብቻ አይወጣም፤ እንደ ጉዳዩም ይለያያል። ይህን ያለችው ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

እርግጥ ነው፣ የሞልቲንግ ሃውስ ልጆች ተራ ልጆች አልነበሩም። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ልጆች ናቸው፣ ቤታቸው መጽሐፍ የሞላበት፣ ሞግዚት ያላቸው። የቦልተን ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ እዚያ አልገባም፣ እሷ ራሷ ከዚያ አካባቢ ብትመጣም። ከሃያ ልጆች ስለ ዓለም ልጆች ሁሉ መናገር አይቻልም። ግን እሷ የምትከራከረው ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው ብላ አይደለም፤ ልጅ ይህን አይችልም ለሚሉ ሰዎች ሲችል አየሁት ነው የምትለው። ለዚያ ደግሞ ሃያ ልጆች ይበቃሉ።

ከፓይክ ጋር አልዘለቁም። በ1927 መጨረሻ ለቀቀች። ፓይክ ገንዘቡን በገበያ አጣና ትምህርት ቤቱ በ1929 ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ሌላ ሥራ ጀመረች። የልጆች ሞግዚቶችና እናቶች በሚያነቡት አንድ መጽሔት ላይ ኧርሱላ ዋይዝ በሚል የብዕር ስም ለደብዳቤ መልስ መስጠት ያዘች። እስከ 1936 ቀጠለች። ልጄ ጣቱን ይጠባል። ልጄ ማታ ይፈራል። አዲስ ሕፃን ከመጣ ወዲህ ትልቁ አልጋው ላይ ሽንቱን ይሸናል። መሬት ላይ ተንከባሎ ይጮኻል። ደብዳቤዎቹን ስታነቡ ዘመኑን ትረሱታላችሁ።

ያ ጊዜ ግን ለእናቶች ክፉ ጊዜ ነበር። የኒውዚላንዱ ሐኪም ትሩቢ ኪንግ ሕፃን በሰዓት ይጥባ፣ በመካከል ቢያለቅስ አታንሱት የሚል ትምህርት አስፋፍቶ ነበር። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን በ1928 ልጆቻችሁን አትሳሙ፣ አትቀፉ፣ ጠዋት እጃቸውን ጨብጡ ብሎ ጻፈ። ያለቀሰ ልጇን ያነሳች እናት አጠፋሁ ብላ ትጸጸታለች። ሱዛን እነዚህን እናቶች አላወገዘችም። የልጁ ቁጣና ቅናት ክፉ ጠባይ ስላለው የሚመጣ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። የሁለት ዓመት ልጅ ሲያለቅስ የሚፈልገው ነገር አለ። ሽንቱን በመሸናቱ ማሳፈር አይጠቅምም። የማይገባ ተስፋ አትስጡት፣ አትዋሹት። እናት በመሆኔ ይህን ሳነብ ትከሻዬ ቀለል ይለኛል። ከምሁራን ማኅበር ወጥታ ጣት ስለሚጠባ ልጅ መጻፍን ዝቅ ያለ ሥራ አድርጋ አለማየቷ ትልቅነቷን ያሳየኛል።

በ1933 የለንደን ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ተቋም የልጆች ዕድገት ክፍል ከፍቶ እሷን ኃላፊ አደረጋት። ልምድ ያላቸው መምህራን እየመጡ ልጅን መመልከት ተማሩ። በ1935 ካንሰር ታመመች። ታከመች፣ ተሻላት፣ ሥራዋንም ቀጠለች።

በሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲጀመር የብሪታንያ መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰዎችን፣ በአብዛኛው ልጆችን፣ ከከተሞች አወጣ። ቦምቡን ፈርተው ነው። ሱዛን ካምብሪጅ ላይ ከባልደረቦቿ ጋር ከለንደን ቶተንሃምና ኢዝሊንግተን የመጡትን ልጆች ማጥናት ጀመረች። የልጆች ሳይኮአናሊስቷ ሜላኒ ክላይንና ወጣቱ የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢም አብረዋት ነበሩ። ልጆቹን ካምብሪጅ ውስጥ ምን እንደሚወዱ፣ ምንስ እንደሚናፍቁ እንዲጽፉ ጠየቋቸው። ምግብ አለ፣ አልጋ አለ፣ አየሩ ንጹሕ ነው። የሚናፍቁት ግን ቤተሰባቸውን ነው። ብዙዎቹ ቦምብ ወደሚፈራበት ቤታቸው ተመለሱ።

በ1941 የወጣው ጥናት የመንግሥት ዕቅድ አውጪዎች የቤተሰብን ትስስር እንደ ትንሽ ነገር ማየታቸውን በግልጽ ተናገረ። እህትና ወንድም ይለያያሉ፤ እናት መጠየቂያ መንገድ አይመቻችላትም። ሰው ልጆቹን ያወጣው ሊያድናቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን መዳንን ከእናታቸው ለይተው አላዩትም። ቦልቢ በኋላ ስለ ልጅና እናት መለያየት የሠራው ትልቅ ሥራ ሥሩ በዚያ ዘመን ነው።

የንድፈ ሐሳብ ሥራዋ የመጣውም በጦርነቱ መሐል ነው። ፍሮይድና ልጁ አና ፍሮይድ በ1938 ከናዚዎች ሸሽተው ለንደን ገብተው ነበር። ሜላኒ ክላይን ግን ከ1926 ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ ብዙ ተከታይም ነበራት። ሁለቱ ሴቶች በሕፃን አእምሮ ላይ አልተስማሙም። ፍሮይድ ከሞተ በኋላ ማኅበሩ ለሁለት ሊከፈል ደረሰና ከ1941 እስከ 1945 ረጅም ክርክር ተካሄደ። ውጭ ቦምብ፣ ውስጥ ክርክር።

የክላይንን ወገን ሐሳብ ሥርዓት አስይዛ ያቀረበችው ሱዛን ናት፣ በጃንዋሪ 1943። ሕፃን ቃል ሳይኖረው ገና ምናብ አለው ትላለች። ሲርበው የሚያጠቃው ነገር በውስጡ ያለ ይመስለዋል፤ ሲጠግብ መልካም ነገር ገባልኝ ይላል፣ በቃል ሳይሆን በሰውነቱ። አስተሳሰባችን ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ማስረጃዋን የምታመጣው ከሕክምና ክፍል ብቻ ሳይሆን ልጆች በየቀኑ ከሚያደርጉት ነው። ብዙዎች ተቃወሟት፤ ማርጆሪ ብራይርሊ ከነዚያ በጥንቃቄ ከጠየቋት አንዷ ነበረች።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ይህን ክፍል ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። የሦስት ወር ሕፃን ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማን አይቶት ይነግረናል? ሱዛን ራሷ ካስተማረችኝ ጥያቄ ተነስቼ ነው የምጠራጠረው። ግን ጽሑፏን ሳነብ የማከብረው ነገር አለ። ተቃዋሚዎቿን አትሰድብም፤ ጥያቄያቸውን አስቀድማ በራሷ አፍ ትናገራለች፣ ከዚያ ትመልሳለች። በዚያ ማኅበር ውስጥ ሰው በሰው ላይ በተነሳበት ሰዓት ይህ ቀላል አልነበረም።

ናታንም ሊረሳ አይገባውም። በ1930 በወጣው የመጀመሪያው ትልቅ መጽሐፏ መጨረሻ ላይ ስለ ልጆች የ«ለምን» ጥያቄ የጻፈው እሱ ነው። ልጅ ለምን የሚለው ሊያደክመን ፈልጎ አይደለም፤ የጠበቀውና ያየው ሲጋጩበት ነው ይላል። ያ ነጋዴ ከሚስቱ ጋር ማታ ማታ ስለዚህ ሲከራከር ይታየኛል። እሷ ከሞተች በኋላ የፒያዤን ሥራ ለእንግሊዝ መምህራን ሲያስረዳ ኖረ።

ካንሰሩ ተመለሰ። በ1948 መንግሥት የክብር ኒሻን ሰጣት፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 12 ቀን ለንደን ውስጥ አረፈች፣ በ63 ዓመቷ። በዚያች የመጨረሻ ዓመት ሦስት ነገር ታትሞላታል። አንደኛው ያ የምናብ ጽሑፏ ነው፤ ሳይኮአናሊስቶች እስካሁን የሚያነቡት። ሁለተኛው የጽሑፎቿ ስብስብ ነው። ሦስተኛው ኧርሱላ ዋይዝ ሆና የመለሰቻቸው ደብዳቤዎች መጽሐፍ ነው፤ ጣት የሚጠቡ፣ ማታ የሚፈሩ፣ በታናሽ ወንድማቸው የሚቀኑ ልጆች እናቶች የጻፉላት። ከእሷ ማንበብ ለሚጀምር ሰው እኔ የምመክረው ሦስተኛውን ነው።